ቀን የሌለው መርዶ

ጦር ሜዳ ላይ የወደቀ ወታደር አሟሟቱ ቢያንስ በግምት ይታወቃል። ግንባር አለ፣ ጠላት አለ፣ ውጊያው የተካሄደበት ቀን አለ። በጦር ሰፈር ውስጥ የሚያጋጥም ሞት ግን ሌላ ነው። ሰፈሩ አጥር አለው፤ በሩ ላይ ዘብ ቆሟል፤ የገባና የወጣ ይመዘገባል፤ መሣሪያና ጥይት በፊርማ ይወጣል፣ በፊርማ ይመለሳል፤ በሌሊት የትኛው ተረኛ በየትኛው ማማ ላይ እንደ ነበር የሚያሳይ ዝርዝር አለ። ሁሉም ነገር በመዝገብ በሚያድርበት ግቢ ውስጥ ልጁ የሞተበት አባት "እንዴት ሞተ?" ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ከሰው አቅም በላይ ነው ብሎ አያምንም። አንድ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ያውቃል።

የሟች ወታደር ቤተሰብ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ መቼ ሞተ፣ እንዴት ሞተ፣ የት ተቀበረ። በኢትዮጵያ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው የተለመደ መልስ አንድ ቃል ነው፤ ተሰውቷል። ቃሉ ክብር አለው፤ ብዙ እናት በዚህ ቃል ተጽናንታለች። ነገር ግን ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱንም አይመልስም።

ከሦስቱ ቀላል የሚመስለው ቀኑ ነው። በእምነት ሥርዓት ውስጥ ግን ሌላው ሁሉ የሚቆጠረው ከእሱ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ሠልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባውና ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱም የሚታሰበው ሟቹ ካረፈበት ዕለት ተነሥቶ ነው። በእስልምና ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳ የምትቀመጠው አራት ወር ከዐሥር ቀን ነው፤ ይህም መነሻ ቀን ይፈልጋል። ለምሳሌ በምዕራብ ኢትዮጵያ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳ ዞን፣ በጾሬና በአካባቢዋ የሚኖረው የበርታ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ሟቹንም ሳይዘገይ መቅበር ሥርዓቱ ነው። ቀብሩ በሌላ አገር፣ በማይታወቁ ሰዎች እጅ፣ በማይታወቅ ቀን ሲፈጸም ለቤተሰቡ የሚቀረው በሩቅ ላለ ሟች የሚሰገደው ሶላተል ጋኢብ ነው። እሱም ቢሆን ሰውየው በእርግጥ መሞቱ ሲታወቅ ነው የሚሰገደው። "ሳይሞት አይቀርም" በሚል ወሬ ሶላት አይቆምም፣ ፍትሐትም አይደረግም።

መርዶ ራሱ ሥርዓት ያለው ነገር ነው። ሽማግሌዎች ወሬውን እንደ ሰሙ በምሽት አያረዱም፤ አድረው ይነጋገራሉ፣ የቅርብ ዘመድ ከያለበት ይጠራሉ፣ የሟቹ እናት ጎረቤት ሌሊቱን ልብሷን አዘጋጅታ ታድራለች። ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ለሥራ ሳይበተን በሩ ይንኳኳል። ከመጡት አንዱ የእናቲቱን ክንድ የሚይዝ፣ ሌላው የሚናገር ነው። የወታደር ሞት ይህን ሥርዓት ሁለት ጊዜ ያፈርሰዋል። መጀመሪያ ወሬው በሽማግሌ ሳይሆን በስልክ ይመጣል፤ አብሮት የነበረ ጓደኛ ይደውላል፣ ወይም ፎቶው በቴሌግራም ላይ ሻማ ተደርጎበት ይታያል። አንዳንዴ ደግሞ ስልክም የለም። በየወሩ ይገባ የነበረው ደመወዝ አንድ ወር ይቀራል፣ በሚቀጥለውም ይቀራል፤ ባንክ የሄደችው ሚስት የምትሰማው "አልገባም" የሚል ነው። ሁለተኛ ሥርዓቱን የሚያፈርሰው አስከሬን አለመኖሩ ነው። ድንኳኑ ይተከላል፤ የደንብ ልብስ ለብሶ የተነሣው ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፤ አልቃሽ የምታነሣው ግን የት እንደ ወደቀ የማታውቀውን ሰው ነው።

አሟሟቱን የሚመለከተው ጥያቄ ከቃል አመራረጥ ይጀምራል። የክፍሉ ደብዳቤ "ተሰዋ" ሊል ይችላል፣ "ሕይወቱ አለፈ" ሊል ይችላል፣ "ራሱን አጠፋ" ሊል ይችላል፣ "ከድቷል" ሊልም ይችላል። አራቱ ቃላት አራት የተለያዩ ቤተሰቦችን ይፈጥራሉ። "ከድቷል" የተባለ ወታደር ቤተሰብ ሐዘን የለውም፣ ጡረታ የለውም፤ በቀበሌውም አንገቱን ደፍቶ ይኖራል፤ ልጁ በሕይወት እንዳለ እየተነገረው አንድም ቀን አይደውልለትም። "ራሱን አጠፋ" የሚለው ደግሞ በቤተ ክርስቲያን በኩል ሌላ በር ይዘጋል፤ በቆየው ሥርዓት ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት አይደረግም። እናት ይህን ቃል የማትቀበለው ልጇን ስለምታውቅ ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ከቀብሩም ከተዝካሩም ስለሚያስቀራት ጭምር ነው።

ቃሉ በገንዘብም ይመነዘራል። የመከላከያ ሠራዊት አባላት ጡረታ የሚታየው በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 ለሟች የትዳር ጓደኛ የጡረታ አበሉን 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ በሟቹ ይረዱ ለነበሩ እናትና አባት ለእያንዳንዳቸው 15 በመቶ ይሰጥ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል። ዋናው ነገር ግን መቶኛው አይደለም። በ714 ሥርዓት በሥራ ምክንያት በደረሰ ጉዳት የሞተ ሰው ተተኪዎች የአገልግሎት ዘመን ሳይቆጠር አበል ያገኙ ነበር። በሌላ ምክንያት የሞተ ከሆነ ግን 10 ዓመት ማገልገል ነበረበት፤ ካልሞላ ለቤተሰቡ የሚደርሰው የአንድ ጊዜ ዳረጎት ነበር። ሰው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ደግሞ በሥራ ላይ እንደ ደረሰ አይቆጠርም ነበር። እንግዲህ ሦስት ዓመት አገልግሎ በጥበቃ ማማ ላይ በጥይት ተመቶ የተገኘ ወጣት ጉዳይ ምን ያህል በአንድ ቃል ላይ እንደ ተንጠለጠለ ማየት ይቻላል። ጥይቱ ባርቆ ነው? ሌላ ሰው ነው የተኮሰው? ራሱ ነው? ደብዳቤውን የሚጽፈው ደግሞ ሞቱ የደረሰበት ክፍል ራሱ ነው። ተጠያቂ ሊሆን የሚችል አካል የአሟሟቱን ምክንያት ብቻውን ሲወስን፣ ቅን ሆኖ ቢወስን እንኳ፣ ቤተሰቡ አያምነውም።

ሠራዊቱ የሟቾቹን ነገር በሚገባ መያዝ እንደሚችል ለማየት ወደ ኮሪያ መመለስ ይበቃል። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሲሄድ፣ ከዚያም ተከታዮቹ ሲተኩ፣ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በዚያች ሩቅ አገር አገልግለዋል፤ ከ120 በላይ ወድቀዋል። አንድም አልተማረከም ይባላል። የሟቾቹ ዐፅም ውቅያኖስ ተሻግሮ መጥቶ አዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ አርፏል። ማን፣ መቼ፣ የት ለሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ መልስ ተገኝቷል። የቃኘው ሻለቃ ቁጥሩ ትንሽ ነበር፣ በተባበሩት መንግሥታት ስም ስለ ዘመተም በየደረጃው ይመዘገብ ነበር። በኋላ የመጡት ጦርነቶች በብዙ እጥፍ የበዙ ነበሩ፣ መዝገቡ ግን አብሮ አላደገም።

በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ስድሳ የሚሆኑ ባለሥልጣናትንና የጦር መሪዎችን ገደለ። ከመካከላቸው ራሳቸው የደርግ ሊቀመንበር የነበሩት ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ቤታቸው ተከብቦ ሞቱ፤ ሌሎቹ በአዲስ አበባ ወኅኒ ቤት ተረሸኑ፣ በግቢውም በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። ቤተሰቦቻቸው የሰሙት በማግስቱ ከራዲዮ ነው። አስከሬን አልተሰጣቸውም፤ ለቅሶም በይፋ ማልቀስ አይቻልም ነበር። ዐፅማቸው ወጥቶ በሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ 17 ዓመት ያህል ቆይቶ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጆቻቸው አድገው ነበር፣ አንዳንድ ሚስቶችም እስር ቤት ቆይተው ወጥተው ነበር።

የ1981 መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ደግሞ የጦር ሰፈር ሞትን ጥያቄ ከሁሉ በላይ ያወሳስባል። ግንቦት 8 ቀን ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ምሥራቅ ጀርመን እንደ ሄዱ የሠራዊቱ አዛዦች መከላከያ ሚኒስቴር ተሰበሰቡ። ሙከራው ሲከሽፍ የጦር ኃይሎች ኤታ ማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ በዚያው ግቢ ሞተው ተገኙ፤ ራሳቸውን ገደሉ ተባለ። ከዚያ ወዲህ በየትዝታ መጻሕፍቱ የወጣው የዚያ ቀን ታሪክ አንድ ወጥ አይደለም፤ ማን ክፍሉ ውስጥ እንደ ነበር፣ ተኩሱ በምን ሰዓት እንደ ተሰማ የሚተርከው በየጸሐፊው ይለያያል። መከላከያ ሚኒስትሩ ሜጀር ጄኔራል ኃይለ ጊዮርጊስ ሀብተ ማርያምም በዚያ ቀን እዚያው ተገደሉ። በአሥመራ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ ከመኮንኖቻቸው ጋር በዚያው ሳምንት ተገደሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1982 ዓ.ም. 12 ከፍተኛ መኮንኖች ተረሸኑ።

የጄኔራል ደምሴ ልጅ ደረጀ ደምሴ ስለ አባቱ "አባቴ ያቺን ሰዓት" የሚል መጽሐፍ ጽፏል። ርዕሱ ብቻውን የዚህን ጽሑፍ ጉዳይ ይናገራል። ልጅ የሚፈልገው የአባቱን ሙሉ ሕይወት መተረክ ቢሆን ኖሮ "አባቴ" ብሎ ማቆም ይችል ነበር፤ የሚያሳድደው ግን ያቺን አንዲት ሰዓት ነው። መንግሥት ያልሰጠውን መልስ የቤተሰብ አባል ራሱ መርማሪ ሆኖ ከዓይን ምስክሮችና ከቀድሞ መኮንኖች እየለቀመ መሰብሰቡ በኢትዮጵያ የታወቀ መንገድ ሆኗል። ከመንግሥቱ ዘመን መውደቅ ወዲህ የወጡት የመኮንኖች ትዝታ መጻሕፍት የሚነበቡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሟች ልጆች በየገጹ ግርጌ የአባታቸውን ስም ይፈልጋሉ።

መንግሥትም አንድ ጊዜ ተነሥቶ ነበር። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የደርግን ዘመን ግድያ ሲመረምር የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ባለሙያዎች መጥተው በጅምላ መቃብሮች ላይ ሠሩ። በኮተቤ ከአንድ ጉድጓድ የ30 ሰዎች ዐፅም ሲወጣ በአንገታቸው ዙሪያ የናይለን ገመድ ነበር፤ ታንቀው መገደላቸውን ለማወቅ ያ ገመድ በቂ ነበር። ከዚያ ቡድን ጋር የሠሩ ሰዎች ያዩት ትልቅ ነገር ግን ዐፅሙ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱ ነው። ደርግ ግድያን በደብዳቤ የሚያዝ፣ በቁጥርና በማኅተም የሚያስቀምጥ መንግሥት ነበርና ዐቃቤ ሕጉ ለክሱ ማስረጃ ያደረገው የራሱን የመንግሥቱን መዝገብ ነው። በ1999 ዓ.ም. በመንግሥቱና በባልደረቦቹ ላይ የተሰጠው የጥፋተኝነት ፍርድም በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ተደግፏል። በመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከየጉድጓዱ የወጡ ዐፅሞችን ያሳያል፤ አንዳንዱ ስም ተሰጥቶት፣ ሌላው ስም ሳይኖረው።

በቅርብ ዘመን በጦር ሰፈር ውስጥ ከደረሱት ትልልቅ ሞቶች አንዱ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት በሰሜን ዕዝ ካምፖች ላይ የደረሰው ነው። በትግራይ ኃይሎች ጥቃት ሲደርስባቸው ብዙዎቹ ወታደሮች በሰፈራቸው ነበሩ። በዚያው ሌሊት የትግራይ ስልክ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የአንድ ወታደር ቤተሰብ ሦስት ነገር መገመት ነበረበት፤ ሞቷል፣ ተማርኳል፣ ወይም ወደ ኤርትራ ተሻግሯል። ሦስቱም በእርግጥ በተለያዩ ወታደሮች ላይ ደርሰዋል። ቀኑ በይፋ ታስቧል፤ በዚያ ሌሊት በየካምፑ የሞቱት ስም ዝርዝር ግን ለሕዝብ አልወጣም። መታሰቢያው የሁሉም ስለሆነ የማንም እናት ለይታ የራሷን ልጅ አታገኝበትም።

ጦርነቱ በፕሪቶሪያ ስምምነት፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቆመ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር በጦርነቱ የወደቁ የትግራይ ተዋጊዎችን መርዶ ለቤተሰብ አደረሰ። ከጥቅምት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። ሁለት ዓመትና ሦስት ዓመት ተስፋ ሲደረግባቸው የቆዩ ልጆች በአንድ ቀን ሞቱ። መርዶው በአንድ ጊዜ መሆኑ አንድ ጎረቤት ሌላውን ለማጽናናት እንዳይችል አድርጓል፤ ሁሉም ቤት ሐዘን ነበርና። የብዙዎቹ ሟቾች ሙት ዓመትም በየራሳቸው ቀን መሆኑ ቀርቶ መርዶው የተነገረበት ቀን ሆኗል። ቀን የሌለው ሞት ቀን ሲሰጠው እንዲህ ነው።

ከላይ በተነሣችው በአሶሳ ዞን ያለ ቤተሰብ ለሦስቱ ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት የሚያልፈው መንገድ ከብዙው የአገሪቱ ክፍል ይረዝማል። አሶሳ ከአዲስ አበባ ወደ 670 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በመንዲና በነቀምት በኩል ያለው መንገድ በወለጋው የጸጥታ ችግር ምክንያት ተደጋግሞ ስለሚቋረጥ አቅም ያለው በአውሮፕላን ይሄዳል፣ የሌለው ይቀራል። ቆሰለ የተባለን ልጅ ለመፈለግ የሚሄደው አባት የሚያንኳኳው ጦር ኃይሎች ሆስፒታልን ነው። ሞተ የተባለውን ለመጠየቅ የሚሄደው የክፍሉን ቁጥር ማወቅ አለበት፤ ቤተሰብ ግን የሚያውቀው ቁጥር ሳይሆን ልጁ በስልክ የነገረውን የከተማ ስም ነው። ቋንቋውም አንድ እንቅፋት ነው። በጾሬ ያለች የበርታ እናት በአማርኛ ማመልከቻ የምታስጽፈው ገንዘብ ከፍላ ነው፤ የጻፈላትም የራሷን ቃል ሳይሆን ሁልጊዜ የሚጽፈውን ነው።

ከዚያ የሚቀጥለው ወረቀት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ቀበሌ የሞት ምስክር ወረቀት ለመስጠት ከክፍሉ ደብዳቤ ይፈልጋል። ባንክ ገንዘቡን ለመልቀቅ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይፈልጋል። ፍርድ ቤት ለወራሽነት የሞት ምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ዕድርም ለመክፈል አንድ ማስረጃ ይላል፤ እንዲያውም ከሁሉ ቀድሞ የሚከፍለው ዕድር ነው፤ አባላቱ ቤተሰቡን ያውቃሉና። ወታደሩ ደመወዙን ቤተሰቡ እንዲወስድ ውክልና ሰጥቶ ከሆነ ውክልናው በሞቱ ቀን ቀርቷል። ስለዚህ ደብዳቤው እስኪመጣ ቤተሰቡ ሕጋዊ ሐዘንተኛ አይደለም፣ ደመወዝ ተቀባይም አይደለም። በአሶሳ ዞን በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ ተነሥተው የሰፈሩ ሰዎች የሚኖሩባቸው፣ ስማቸው ቁጥር የሆነ አምባዎች አሉ። በእነዚህ አምባዎች የደርግ ዘመን ወታደር የሆኑ ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች ይህን መንገድ ያኔም አይተውታል። ራሷ አሶሳም በ1982 ዓ.ም. በኦነግና በሻዕቢያ ጥቃት ተይዛ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ሠራዊቱ ራሱ ስለ ፈረሰ ደብዳቤ የሚጽፍ ክፍልም አልነበረም።

ተመሳሳይ ነገር በቅርቡም ደርሷል። የክልል ልዩ ኃይሎች በ2015 ዓ.ም. ፈርሰው አባሎቻቸው ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌደራልና ወደ ክልል ፖሊስ ሲበተኑ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ልዩ ኃይልም አብሮ ቀርቷል። ከዚያ በፊት በመተከልና በካማሺ ግዳጅ ላይ የሞተ አባል ፋይል አሁን በማን ሰንዱቅ ውስጥ እንዳለ ማግኘት የቤተሰቡ ሥራ ሆኗል።

ሕጉ ለቤተሰቡ ያስቀመጠው ጥበቃ ቀጭን ነው፣ ግን አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል በአንቀጽ 32 ቤተሰቦች የዘመዶቻቸውን ዕጣ የማወቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ፕሮቶኮሉ በመንግሥታት መካከል ለሚደረግ ጦርነት የተጻፈ ነው፤ መርሁ ግን ግልጽ ነው። በሰላም ጊዜ ካምፕ ውስጥ የሚሞት ወታደር ጉዳይ በወታደራዊ ፖሊስ ይመረመራል፣ በወታደራዊ ዐቃቤ ሕግ ይታያል፣ ክስ ከተመሠረተ ቀዳማዊ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ይግባኙም በይግባኝ ሰሚ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ይሰማል። ቤተሰቡ ከዚህ ሰንሰለት ውጭ የሚያገኘው በር የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሲሆን በአሶሳም ጽሕፈት ቤት አለው። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ ይቀበላል። ካሣ በፍትሐ ብሔር ለመጠየቅ ግን ጊዜው አጭር ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የሚቀርብ ክስ በሁለት ዓመት ይታገዳል፤ ሁለት ዓመት ደግሞ አንድ ደብዳቤ ለማግኘት በቀላሉ የሚጠፋ ጊዜ ነው።

የሬሳ ምርመራም ሌላው ጠባብ በር ነው። በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የፎረንሲክ ምርመራ የሚደረገው በዋናነት በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። ከድንበር አካባቢ አስከሬን ወደዚያ ለመላክ መኪናና ማቀዝቀዣ፣ ትእዛዝና ቀን ያስፈልጋል። ሙስሊም ቤተሰብ ቀብሩ እንዲዘገይ አይፈልግም፣ ክርስቲያኑም ሬሳ እንዲቀደድ አይወድም። ስለዚህ ቤተሰቡ ራሱ ማስረጃውን አብሮ የቀበረበት ጊዜ አለ፤ በኋላ ሲጠይቅም "ራሳችሁ ቀበራችሁት" ይባላል።

ሌላው ዓለምም ይህን ጥያቄ በተለያየ መንገድ ተጋፍጦታል። በእንግሊዝ ሰሪ ግዛት በዲፕካት የጦር ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2002 ድረስ አራት ወጣት ምልምሎች በጥይት ተመተው ሞቱ። ሠራዊቱ ራሳቸውን እንዳጠፉ አድርጎ ወሰደው፤ ወላጆቻቸው ግን አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የኒኮላስ ብሌክ ግምገማ ለወታደሮች አቤቱታ ገለልተኛ ሰሚ እንዲኖር መከረ። ከዚያም ከአራቱ በሦስቱ ሟቾች ጉዳይ አዲስ የፍርድ ቤት ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በ2018 እና በ2019 ተካሄደ። በሦስቱም የተደረሰበት መደምደሚያ ራሳቸውን አጠፉ የሚል ነበር። ይህ ሲታይ የቤተሰቦቹ ድካም ከንቱ የቀረ ሊመስል ይችላል፤ ከጉዳዩ ጋር የቆየ ሰው ግን እንዲህ አይለውም። መጀመሪያ በጥቂት ሰዓት የተዘጋው ፋይል ሁለተኛ ጊዜ ሲከፈት ምስክሮች በሕዝብ ፊት ቀርበዋል፣ በሰፈሩ ይደረግ የነበረው ማንገላታትና የበላይ አለቆች ጉድለት ወጥቷል። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ በሠራዊቱ ውስጥ አጠራጣሪ ሞቶችን የሚመረምር በፕሬዚዳንቱ ሥር ያለ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2006 አቋቋመች፣ በ2018ም እንደ ገና አቋቋመች። በሩሲያ የወታደር እናቶች እ.ኤ.አ. በ1989 ኮሚቴ መሥርተው በጦር ሰፈር ውስጥ ነባር ወታደሮች በአዲሶቹ ላይ የሚያደርሱትን ድብደባ ለአደባባይ አወጡ። በሦስቱም አገር ነገሩን የጀመሩት ጠበቆች አይደሉም፤ የወታደር ወላጆች ናቸው።

ከኢትዮጵያ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ማነፃፀሪያ ግን ከአገሪቱ የራሷ ሠራዊት ይገኛል። የኢትዮጵያ ወታደር በተባበሩት መንግሥታት ሥር፣ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል ባለችው በአብዬ ያገለግል በነበረበት ጊዜ ከሞተ የተልእኮው የምርመራ ቦርድ ይሰየም፣ ምክንያቱ በሪፖርት ይጻፍ፣ ካሣም ይታሰብ ነበር። ያው ወታደር በአገሩ ካምፕ ውስጥ በሌላ ዓመት ቢሞት ይህ ሁሉ ላይሆን ይችላል። አሠራሩ እንግዳ አይደለም፤ መኮንኖቹ በውጭ ያውቁታል።

ጾሬ ደግሞ የዚህን ጥያቄ ሌላ ገጽ በራሷ ታሳያለች። እዚያ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞች ካምፕ አለ፤ ከብሉ ናይል አካባቢ ከኩርሙክ በኩል የተሻገሩ ቤተሰቦች ይኖሩበታል። ወንዶቻቸው አንዳንዶቹ ለመንግሥት፣ አንዳንዶቹ ለተቃዋሚ ተዋግተዋል፤ ብዙዎቹ አልተመለሱም። ለእነሱ ያለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርና የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የሚያካሂዱት የጠፉ ቤተሰቦችን የማገናኘት ሥራ ነው። ሠራተኛው ቅጽ ይሞላል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቦታና ቀን። ቅጹ ከሚጠይቀው ሁሉ ቤተሰቡን የሚያስቸግረው የመጨረሻው ነው።

ይኸው የመጨረሻ ቀን በኢትዮጵያ ፍርድ ቤትም መነሻ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጥቅም ያለው ሰው ሁሉ መጥፋቱ እንዲፈረድ ፍርድ ቤትን መጠየቅ እንዲችል ይፈቅዳል። ፍርዱ ሲጸና ሚስቲቱ ከጋብቻው ነፃ ትሆናለች፣ ንብረቱም ወደ ወራሾች ያልፋል። አመልካቿ ለዳኛው የምታቀርበው ማስረጃ ደብዳቤ ካልሆነ ስልኳ ነው። መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ ውስጥ ከአንድ ቁጥር የመጣ የመጨረሻ ጥሪ ይታያል፤ ሰዓቱ፣ ቀኑ፣ የቆየበት ደቂቃ። ሁለቱ ዓመት የሚቆጠረው ከዚያች ቀን ነው፤ ስልኩ ቢጠፋባት ወይም ቢቀየር ለፍርድ ቤቱ የምትነግረውን ቀን ጎረቤቶቿ መጥተው ይመሰክሩላታል።